ተሳዳቢውን አስሮ ጠቋሚውን መልቀቅ

ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምሩ ነበር። መስከረም 29 እና 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን የያዙ ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ተለጠፉ። የት እንደሚሠሩና የት ሰፈር እንደሚኖሩ ተጠቀሰ፣ ትግራዋይነታቸው ተነሣ፣ ከሰሜኑ ጦርነት ጋር የሚያያዝ ውንጀላም ታከለበት። ልጃቸው አብርሃም በኋላ ለፍርድ ቤት እንዳስረዳው፣ ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው አመልክቶ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን ፕሮፌሰሩ ከሥራ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ በጥይት ተመትተው ሞቱ። ከጽሑፎቹ አንዱ ደንብ መጣሱን ፌስቡክ አምኖ መልስ የላከው እሳቸው ከተገደሉ ከስምንት ቀን በኋላ ነው።

ኢትዮጵያ በዚያ ቀን ሕግ አልነበራትም እንዳይባል፣ ነበራት። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሥራ ላይ ከዋለ ዓመት ከሰባት ወር አልፎት ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲያጸድቀው 23 አባላት ተቃውመውታል፤ መጋቢት 14 ቀን በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። ማኅበራዊ ሚዲያ የሚያቀርብ ድርጅት አቤቱታ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ንግግርን ከገጹ እንዲያነሳ የሚያዘው ይኸው አዋጅ ነው።

እዚህ መንዝ፣ መሐል ሜዳ የተቀመጠ አንባቢ ያንን ሰሞን አይረሳውም። ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ገብቶ ነበር። መንግሥት መዘዞን፣ ሞላሌን፣ ሸዋ ሮቢትንና ራሳን መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 22 ቀን ሲሆን፣ ሞላሌ ደግሞ ለመሐል ሜዳ ሩቅ አገር አይደለችም፤ ጎረቤት ናት። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስልክ ላይ የመጣ ወሬ ቀበሌ ሙሉ ሰው ያሰድዳል፤ ትናንት አብሮ ቡና የጠጣ ሰው ላይ ዛሬ ዓይን ያስጥላል። ፕሮፌሰሩ በተገደሉበት በዚያው ሳምንት ፌስቡክ የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን አንድ ጽሑፍ ሁከትን ያበረታታል ብሎ አንሥቷል። ስለ አንድ ተራ መምህር የተጻፈውን ግን ለማየት ጊዜ አላገኘም። ከዚህ ሁሉ ቀድሞ፣ መስከረም 25 ቀን፣ የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሀውገን በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ መድረኩ በኢትዮጵያ የብሔር ግጭት እያራገበ መሆኑን ተናግራ ነበር። ማስጠንቀቂያው በተሰማ በአራተኛው ቀን የባሕር ዳሩ ጽሑፍ ተለጠፈ።

እንግዲህ ስለ ኢንተርኔት ንግግር ገደብ ሲወራ ይህን ጉዳይ መለኪያ ማድረግ ይበጃል። አንድ ሕግ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚባለው ስንት ተሳዳቢ አሰረ ተብሎ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለውን ሰው ያድን ነበር ወይ ተብሎ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ የኢትዮጵያ አዋጅ መክበድ በሚገባው ቦታ ቀሎ፣ መቅለል በሚገባው ቦታ ከብዶ ይገኛል።

አንቀጾቹን ማየት ነው። የጥላቻ ንግግር የሚባለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በአንድ ሰው ወይም ቡድን ላይ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ሆን ብሎ የሚያነሳሳ ንግግር ነው። ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሲሆን፣ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል። ለትምህርትና ለምርምር፣ ለዜናና ለፖለቲካ ትችት፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት ትምህርት በር ተትቷል፤ ይህ መልካም ነው። «ጥላቻ» ራሱ ምን እንደሆነ ግን አዋጁ አይተረጉምም። ወደ ሐሰተኛ መረጃው ክፍል ሲኬድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰት ያሰራጨ ሰው እስከ ሦስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። ጉዳት ካልተከተለ በቀር፣ በአንድ ብሔር ላይ ጥላቻ የዘራ ሁለት ዓመት፣ ብዙ ተከታይ ኖሮት የተሳሳተ ወሬ ያወራ ሦስት ዓመት ማለት ነው! አርቃቂዎቹ የትኛው እንደሚያስፈራቸው ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

ድርጅቶቹስ? የ24 ሰዓቱን ግዴታ ሳይወጡ ቢቀሩ የሚከተላቸው ቅጣት በአዋጁ ውስጥ የለም። የብሮድካስት ባለሥልጣን፣ የዛሬው የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን፣ ግዴታቸውን መወጣታቸውን ተከታትሎ ለሕዝብ ሪፖርት ያወጣል ይላል፤ በዚያው ያበቃል።

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው ሕግም የ24 ሰዓት ገደብ ነበረው። በግልጽ ሕግ የሚጥስ ጽሑፍ በ24 ሰዓት፣ አጠራጣሪው በሰባት ቀን እንዲነሳ ያዝ ነበር። ልዩነቱ ግዴታውን በተደጋጋሚ ያልተወጣ ኩባንያ እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ ሊቀጣ መቻሉ ነው። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ በጀርመን ያለው መድረክ ሁሉ ይመለከተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ቦታውን ለአውሮፓ ኅብረት የጋራ ሕግ ለቀቀ። የእኛ አዋጅ ሰዓቱን አስገብቶ ዩሮውን ትቶታል። ለፌስቡክና ለቲክቶክ የተተወውን ምሕረት ለአገሩ ልጅ ግን አላደረገውም።

አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ በወጣ በአራተኛው ቀን፣ መጋቢት 18 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ጋዜጠኛ ያየሰው ሽመልስ ተያዘ። የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት ሰሞን መንግሥት 200,000 የመቃብር ቦታ እንዲዘጋጅ አዟል ብሎ ጽፏል ተብሎ ነበር፤ በኋላም በዚሁ አዋጅ ተከሰሰ። ጽሑፉ ልክ አልነበረም፣ ጤና ሚኒስቴርም አስተባብሎታል እንበል። ታዲያ ማስተባበሉ ካለ እስር ቤቱ ምን ሊጨምር ነው? ስለ ጥላቻ ተብሎ የወጣ ሕግ በመጀመሪያው ወር መንግሥትን ያስደነገጠ ወሬ ላይ ሲውል፣ ቀጣዩ መንገድ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አይከብድም።

መገመት የማይከብደው ያለፈው ስለሚታወቅ ነው። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ተይዘው በሽብር ተከሰሱ። ስማቸውን ያወጡት ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው፤ ማረሚያ ቤቱ ስምንት ዞን ነበረውና ዘጠነኛው ከግቢው ውጪ ያለው አገር ነው ለማለት። ክሱ ተቋርጦላቸው በሐምሌ 2007 ከወጡት ቀጥሎ፣ የቀሩት ጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። የሰማያዊ ፓርቲ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የነበረው ዮናታን ተስፋዬ ደግሞ ፌስቡክ ላይ በጻፋቸው ጽሑፎች ምክንያት ታኅሣሥ 2008 ታስሮ ግንቦት 2009 ስድስት ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት። ያኔ መሣሪያው የጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ነበር። የሕጉ ስም ይለወጣል እንጂ የሚታሰረው ሰው ዓይነት ብዙም አልተለወጠም።

ይህን ያልኩት መንግሥትን ለመንቀፍ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ማየት ይችላል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 በሕንድ የፖለቲካ መሪው ባል ታክሬይ ሲሞት ሙምባይ ከተማ ለቀብሩ ተዘጋች። በአቅራቢያዋ ባለችው ፓልጋር የምትኖር የ21 ዓመት ወጣት «ስለ አንድ ሰው ሞት ከተማ ለምን ይዘጋል» የሚል ሐሳብ ፌስቡክ ላይ ጻፈች። ጓደኛዋ ጽሑፉን ወደደችው፣ ላይክ አደረገችው፤ ሌላ ምንም አላለችም። ሁለቱም ታሰሩ። የተጠቀሰባቸው የሕንድ ሕግ «አስከፊ ስድብነት ያለው» መልእክት የላከን ሰው እስከ ሦስት ዓመት የሚያስቀጣ ነበር። ሽሬያ ሲንጋል የተባለች የሕግ ተማሪ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት ብላ፣ መጋቢት 24 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. አንቀጹ ከነሥሩ ተሰረዘ። ዳኞቹ ያሉት ባጭሩ፣ አንዱን የሚያስቆጣው ሌላውን አያስቆጣምና በዚህ ሚዛን ሰው አይታሰርም ነው።

ኬንያም በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ደረሰች። የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. የስልክና የኢንተርኔት «አላግባብ አጠቃቀም» የሚለውን አንቀጽ፣ ቃላቱ ልቅ ናቸው፣ ሰው ምን ቢናገር እንደሚታሰር አያውቅም ብሎ ሻረው። የኡጋንዳ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደግሞ ጥር 2023 እ.ኤ.አ. ላይ «አስቀያሚ መልእክት መላክ» የሚለውን የኮምፒውተር ወንጀል አንቀጽ ሰረዘ። በዚሁ ሕግ በሌላ አንቀጹ ነበር ምሁሯ ስቴላ ኒያንዚ ስለ ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ በጻፈችው ግጥም እ.ኤ.አ. በ2019 18 ወር የተፈረደባት። ሦስቱም አገሮች የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበሩ፤ የወረሱት የሕግ ቋንቋም ከዚያው የመጣ ነው። እንግሊዝ ራሷ በዚሁ ዓይነት አንቀጽ አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ከስሳለች። በጥር 2010 እ.ኤ.አ. በረዶ ወርዶ አውሮፕላን ማረፊያው ሲዘጋበት፣ ካልከፈታችሁት አፈነዳዋለሁ ብሎ ትዊተር ላይ ቀለደ። 385 ፓውንድ ተቀጣ፣ ሥራውን አጣ፣ ይግባኙ ሰምሮ ነጻ የወጣው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

የጀርመን ሕግ ከዚህ ይሻላል ብሎ የሚያምን ደግሞ የሐምቡርግን ነገር ይስማ። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ሰው የከተማውን የጸጥታ ኃላፊ በአንዲት የብልግና ቃል ሰደበ። ስድስት ፖሊሶች ማለዳ ቤቱን ሊፈትሹ ሄዱ። አገሩ ሁሉ ሳቀ፤ ቃሏ በየግድግዳው ተጻፈች፤ ፍርድ ቤትም በኋላ ፍተሻው ሕገ ወጥ ነበር አለ። ኃላፊው ቢተዉት ኖሮ ስድቡን ሐምቡርግ ውስጥ እንኳ ብዙ ሰው ባልሰማው፤ ይኸው መንዝ ድረስ መጣ።

አሜሪካ ሌላኛው ጫፍ ላይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1969 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ የኩ ክሉክስ ክላን መሪ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ንግግር የሚያስቀጣው ወዲያውኑ የሚፈጸም ሕገ ወጥ ድርጊትን ሆን ብሎ የሚቀሰቅስና ድርጊቱንም ሊያስከትል የሚችል ሲሆን ብቻ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ይኸው ፍርድ ቤት ኢራቅ ውስጥ በሞተ ወታደር ቀብር አጠገብ ቆመው ሟቹንና አገሩን የሚሳደብ ሰሌዳ ያሳዩ ሰዎችን ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ መብታቸው ነው ብሏል። ለቅሶ ላይ! የመንዝ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት ነው። የአሜሪካ ዳኞች ግን ሐዘንተኛው እንደሚጎዳ ሳይክዱ፣ የሕዝብ ጉዳይ ላይ የሚነገርን ንግግር ስለሚያምም ብቻ መቅጣት አይቻልም አሉ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ተቀምጦ በዩቲዩብና በቲክቶክ ላይቭ በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ አንድን ሕዝብ ሲያንቋሽሽ የሚውል ሰው በሚኖርበት አገር ሕግ ፊት ንጹሕ ነው፤ ስጦታም ይዘንብለታል። ያንኑ ንግግር ፍራንክፈርት ሆኖ ቢናገረው በጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 130 እስከ አምስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። መሐል ሜዳ ያለው ጎረምሳ ደግሞ ቪዲዮውን ተቀብሎ ሼር ያደረገ እንደሆነ አዋጅ 1185 ይጠብቀዋል። ተናጋሪው ተሸልሞ አስተላላፊው የሚታሰርበት ሥርዓት ነው የተፈጠረው። የኢትዮጵያ ፖሊስ ሚኒያፖሊስ ድረስ እጁ አይደርስም፤ ንግግሩን የሚያሰራጨው ኩባንያ ግን ይደርሳል። ስለዚህ ትግሉ ከኩባንያው ጋር መሆን ነበረበት።

ኩባንያው ግን አማርኛ ያውቃል ወይ? አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1965 ላሳተመው መጽሐፍ ብዙ ያጠናው እዚሁ መንዝ ውስጥ ነው። ሰውየው ያስተዋለው የቃላት ድርብ ትርጉም ዛሬ የሶፍትዌር መሐንዲስ ራስ ምታት ሆኗል። መንዝ ውስጥ እናት ልጇን «ድፍት ያርግህ»፣ «አፈር ያስበላህ» ብላ ትረግማለች፤ ማታ ደግሞ ቆሎ ቆልታ ታበላዋለች። እነዚህን ቃላት የሚለቅም ማሽን እናትየዋን ያግዳል። «እንግዶቻችን ቆይታቸው በቅቷልና በክብር እንሸኛቸው» ብሎ የጻፈውን ግን ያልፈዋል። ከስድቡም ከእርግማኑም ይልቅ ሰው የሚያስፈናቅለው ይህ ጨዋ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ማን፣ መቼ፣ ስለ ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የአገሩ ሰው ብቻ ነው የሚለየው። የአብርሃም መዓረግ ክስ ከሚያነሣቸው ነጥቦች አንዱም ይኸው ነው፤ ለኢትዮጵያ የተመደቡት ተቆጣጣሪዎች ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት፣ የሚሸፍኑትም ሦስት ቋንቋ ብቻ ነበር ይላል።

ቋንቋው ቢታወቅም ነገሩ ቀላል አይሆንም። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. አንድ ሰው በአማርኛ በራያ ቆቦና በሌሎች የአማራ ክልል ከተሞች ተፈጸመ ያለውን ግድያ፣ አስገድዶ መድፈርና ዘረፋ ጽፎ፣ የትግራይ ተወላጅ ሲቪሎች ተባብረዋል ብሎ ለጠፈ። ፌስቡክ አነሣው። ሰውየው ይግባኝ ጠየቀ፤ ጉዳዩ የኩባንያውን ውሳኔዎች ወደሚመረምረው ገለልተኛ ቦርድ ሲሄድ ኩባንያው ተሳስቻለሁ ብሎ መለሰው። ቦርዱ ታኅሣሥ 2014 ላይ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው ትክክል፣ ይነሣ አለ። ምክንያቱም ያልተረጋገጠ ወሬ በአንድ ብሔር ሲቪሎች ላይ የሚለጥፍ ጽሑፍ በጦርነት መሐል ለበቀል ይዳርጋል። የኩባንያው መድረኮች በኢትዮጵያ ያስከተሉት ጉዳት በገለልተኛ አካል እንዲጠናም አሳሰበ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቆቦ ውስጥ ግፍ ተፈጽሟል፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች በኋላ መዝግበውታል። ጋዜጠኛ በማይደርስበት፣ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ የተጎጂ ሰው ድምፅ ሁሉ መጀመሪያ ላይ «ያልተረጋገጠ ወሬ» ነው። የቦርዱን ውሳኔ በጥሬው የሚወስድ ሰው ምስክሩንም ከሐሜተኛው ጋር ያፍነዋል። ነገር ግን በጽሑፉ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ የተፈጸመው ግፍና የጎረቤቱ ጥቆማ። «ታጣቂዎች ይህን አደረጉብን» የሚለው ምስክርነት ነው። «እነዚህ አብረውን የሚኖሩት ናቸው ያስደረጉት» የሚለው ግን ስም ባይጠራም ጣት ነው፤ ጣቱም የሚያርፈው ሸሽቶ መሄጃ የሌለው ሲቪል ላይ ነው። ውሳኔው የሚያስቆጭ ቢሆንም ከባዱን ክፍል በትክክል ለይቷል። ይኸው ቦርድ በዓመቱ የትግራይ ክልል የኮሙኒኬሽን ቢሮ ገጽ ላይ ኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ እጅ የማይሰጡትን በሞት የሚያስፈራራ ጽሑፍም መነሣቱ ልክ ነው ብሏል። ሚዛኑ ለአንድ ወገን ብቻ አልተሠራም።

ሰውን መጠቆም በአገራችን ሥርዓት ነበረው። በቀድሞው አውጫጭኝ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ፣ ተማምሎ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ነው ወንጀለኛ የሚጠየቀው፤ የጠቆመ ሰው ፊቱ ይታያል፣ ስሙም ይታወቃል። በበላ ልበልሃም ተሟጋች በተሟጋቹ ላይ ያልተናገረው የለም፤ ሽሙጡም ውርርዱም ከዳኛ ፊት ነው፣ ተሰዳቢው እዚያው ቆሞ ይመልሳል። ያ ሥርዓት ፍጹም አልነበረም፤ ንጹሑንም ሰው ያስጨንቅ ነበር። ግን ንግግሩን ልቅ አድርጎ ጥቆማውን ያጠብቅ ነበር። ዛሬ የተያዘው ግልባጩ ነው፤ ስድብ ያሳስራል፣ በሐሰት ስም የተከፈተ ገጽ ግን የሰው ሰፈር አውጥቶ እስከነ ፎቶው ይለጥፋል።

መንግሥት የሚወደው ሌላ ገደብ አለ፤ እሱም መዝጋት ነው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገደል ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። የካቲት 2015 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ችግር ሲፈጠር ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ታገዱ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ተዘጋ፤ ለወራትም ተዘግቶ ቆየ። ይህ ገደብ ተሳዳቢና ተሰዳቢ አይለይም። ከቤይሩት ወይም ከሪያድ በኢሞ እናቷን የምትጠይቀው የመንዝ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ የሚያይ ተማሪ፣ የበግ ዋጋ ከደብረ ብርሃን የሚያጣራ ነጋዴ ሁሉም እኩል ተቀጡ። ወሬው ግን አልቆመም፤ በአፍ ሄደ፣ በአፍ ሲሄድ ደግሞ የሚያስተባብለው አልነበረም።

ወሬ ምን ያህል እንደሚያደርስ ለማወቅ ሀብታም አገርም ይበቃል። በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሳውዝፖርት ከተማ ሦስት ሕፃናት ተገደሉ። ገዳዩ በጀልባ የገባ ስደተኛ ነው የሚል ሐሰት በሰዓታት ውስጥ ተሰራጨ፤ መስጊድ ተደበደበ፣ ስደተኞች ያሉበት ሆቴል ላይ እሳት ተለቀቀ። ስደተኞች ያሉባቸውን ሆቴሎች ስለማቃጠል የጻፈች የአንድ የአካባቢ ምክር ቤት አባል ሚስት 31 ወር ተፈረደባት። ብዙ እንግሊዛዊ ፍርዱ በዝቷል ይላል። ይብዛም ይነስም፣ የተቀጣችው ሰው ስላስከፋች ሳይሆን ሰው ያለበት ቤት እንዲቃጠል ስለጻፈች ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2010 ስትቀጣው ከነበረው ቀልደኛ እዚህ መድረሷ መሻሻል ነው።

አብርሃም መዓረግ ክሱን የመሠረተው አዲስ አበባ አይደለም። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ሄደ፤ የፌስቡክ ጽሑፎች ለምሥራቅ አፍሪካ ይመረመሩ የነበረው እዚያ ነውና። ከአምነስቲው ፍስሃ ተክሌና ከኬንያው ካቲባ ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ ለተጎጂዎች የ200 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ፈንድ እንዲቋቋምና ኩባንያው የጽሑፎችን ስርጭት የሚወስንበት አሠራር እንዲለወጥ ጠየቀ። ኩባንያው ኬንያ ውስጥ አልተመዘገብኩም፣ ልትዳኙኝ አትችሉም ብሎ ተከራከረ። መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ኢትዮጵያዊ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተገደለ ኢትዮጵያዊ አባቱ፣ ፍትሕ ፍለጋ የጎረቤት አገር ፍርድ ቤት ደጅ መጥናቱ ለአዲስ አበባ ሕግ አውጪዎች የሚያሳፍር ነገር ነው።

አዋጅ 1185 መሻር የለበትም፤ መታረም አለበት። የሐሰተኛ መረጃ እስሩ ይውጣ፤ ለሐሰት መልሱ ማስተባበያና የፍትሐ ብሔር ካሣ ነው። ባለሥልጣንን መስደብ በየትኛውም አንቀጽ ሰበብ ሰው አያሳስር። የአንድን ሰው ስም፣ ፎቶና መኖሪያ ለጥቃት አሳልፎ በሚሰጥ መንገድ መለጠፍ ግን ራሱን የቻለ፣ በግልጽ የተጻፈ፣ ከበድ ያለ ወንጀል ይሁን። በ24 ሰዓት ውስጥ አቤቱታ ሰምቶ ያልመለሰ ኩባንያም የሚከፍለው ገንዘብ በቁጥር ይቀመጥ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ የሚያነቡ ሰዎች መቅጠሩን በየዓመቱ ለሕዝብ ያሳይ። ይህን ማድረግ የሚችለው አዋጁን ያወጣው ምክር ቤት ነው፤ የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን ሕዝብ ወክሎ እዚያ የሚቀመጥ ሁሉ ጥያቄውን ለቋሚ ኮሚቴው በጽሑፍ ያቅርብ፣ መራጩም አቅርበሃል ወይ ብሎ ይጠይቀው።